ከሾላው ሥር የተቀመጠው እንግዳ

ቁልቁለቱ በጤዛ ርሶ ያንሸራትታል። አንጁሎ ከፊት፣ ሚስተር ጉናፓላ ከኋላ ሆነው በእንሰቱ መሀል ወደ ጂንካ የሚወርደውን ቀጭን መንገድ ተያይዘውታል። አንጁሎ መራመዱን ትቶ መሮጥ ጀምሯል። ስብሰባው የተቀጠረው ለአራት ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ደግሞ ገና ከጋራው ጀርባ ብቅ ማለቷ ነው። የሚያስሮጠው የሰዓቱ ነገር ሳይሆን ደረት ኪሱ ውስጥ ያለችው ደብዳቤ ናት።

«አንጁሎ!» አለ እንግዳው ከኋላ። «እግርህ የት ነው?»

«ይኸው፣ እዚህ ነዋ ሚስተር።»

«ውሸት! እግር እዚህ፣ ራስ ጂንካ። ራስ ቀድሞ ደረሰ። ብቻውን እዚያ ምን ይሠራል?»

አንጁሎ ሳይወድ ሳቀ። እርምጃውንም ቀነሰ።

ታኅሣሥ 1984 ዓ.ም. ነበር። ደርግ ከወደቀ ሰባት ወሩ ነው። ወታደሩ መሣሪያውን እየጣለ ወደየአገሩ ከተበተነ በኋላ መንገዱ ሲረጋጋ፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ከጂንካ በላይ ባለው የአሪ መንደር ምንጭ አጎልብቶ ቦኖ እንዲሠራ ጉናፓላን ላከ። ከስሪላንካ የመጣ፣ ሃምሳ ዓመት የተጠጋው፣ አጭር፣ ፂሙን በጥንቃቄ የሚያስተካክል የውሃ ሠራተኛ ነው። የቆዳ ጫማው በመጀመሪያው ሳምንት ከሲሚንቶ ጋር ስለደረቀበት ከገበያ ኮንጎ ጫማ ገዝቶ እሱን አድርጎ ይሄዳል። አማርኛውን ከግንበኞቹ ለቃቅሞታል። ስለዚህ ስድብ ያውቃል፣ ቁጥር ያውቃል፣ ትልቅ ሰው አንቱ እንደሚባል ግን አያውቅም።

አንጁሎ አስተርጓሚው ነው። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሯል። ዓይን አፋርነቱ በመንደሩ የታወቀ ነበር። ልጅ ሳለ አስተማሪው ሲጠይቀው መልሱን እያወቀ ዝም ብሎ ይገረፍ ነበር ይላሉ። አድጎም አልተሻለውም። የሌላውን ሰው ቃል ሲያስተረጉም አንደበቱ ይፈታል፤ የራሱን ሊናገር ሲል ይታሰራል።

የዛሬውም መዘዝ የመጣው ከዚሁ ነው።

ጉናፓላ መንደሩ በገባ በማግስቱ ማለዳ ጥርሱን ፋቀ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ቀጥ ብሎም ከምንጩ በላይ ካለው ትልቅ ሾላ ሥር ሄዶ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፈነ። ግማሽ ሰዓት አልተንቀሳቀሰም። በአገሩ ሰው እንዲህ ተቀምጦ ትንፋሹን ያዳምጣል፤ የእምነታቸው መምህር ቡድሃም ከሾላ ዘመድ ከሆነ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነው የልቡን ሰላም ያገኘው ይላሉ። ጉናፓላ ሾላውን ሲያይ የዘመዱን ቤት ያየ ያህል ደስ አለው።

ያ ሾላ ግን የመንደሩ ሰው ያለፈበት ሕይወት ምስክር ነበር። ወንጌል ሳይገባ በፊት ዝናብ ሲጠፋ በግ የሚታረደው እዚያ ነው። ደም የሚረጨው፣ ማር የሚፈስሰው ከእሱ ሥር ነው። ጌታን የተቀበሉት ሰዎች ያንን ሁሉ ትተው ሲወጡ በዛፉ ሥር ላለማለፍ መንገድ ቀይረዋል። እንጨት ለቅመው ሲመጡ እንኳ ዞረው ነው የሚሄዱት።

አንጁሎ ይህን ሁሉ ያውቃል። በዚያው ማለዳ ጠጋ ብሎ «ሚስተር፣ እዚህ እንኳ ባይቀመጡ» ማለት ነበረበት። ግን እንግዳ ነው፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ገና የመጀመሪያ ቀኑ ነው። እንዴት ተነስ ይባላል? ይሉኝታ ያዘው። «ነገ እነግረዋለሁ» አለ። ያ ነገ ሰባት ሳምንት ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ እሱ ራሱ ከእንግዳው አጠገብ መቀመጥ ጀመረ።

ደብዳቤው ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች በታይፕ ተጽፎ የመጣው ሐሙስ ዕለት ነው። «ወንድም አንጁሎ፣ ከባዕድ አምልኮ ጋር በተያያዘ በቀረበብህ ክስ ላይ ቀርበህ ምላሽ እንድትሰጥ። ክሱ እውነት ሆኖ ከተገኘ ከጌታ እራትም ሆነ ጥር ሦስት ቀን ሊፈጸም ከታሰበው ጋብቻህ የምትታገድ መሆኑን እንገልጻለን።» እንግዳውም አብሮ እንዲቀርብ ተጠይቋል።

ጥር ሦስት ሊቀር ሃያ ቀን እንኳ አይሞላም። ሙሽራይቱ ምህረት ትባላለች፤ የመዘምራኑ መሪ ናት። እሷን ለማጨት ቃል አውጥቶ እስኪናገር ድረስ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። ሌላ ሁለት ዓመት የለውም።

ኔሪ ወንዝ ሲደርሱ ጉናፓላ ኮንጎውን አወለቀ፣ ሱሪውን ሰበሰበ፣ ገብቶም ቆመ።

«ና፣ ግባ» አለው። «መሻገር አይደለም። መቆም።»

አንጁሎ ገባ። ውሃው ቁርጭምጭሚቱን ያዘው።

«ምን ይላል እግር?»

«ይቀዘቅዛል ይላል።»

«በቃ። ቀዘቀዘ። ጥሩ። ደግሞ?»

ከእግሩ ሥር አሸዋው ቀስ እያለ ሲሸሽ ተሰማው። ከማዶ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ድምፅ አለ። ከከተማው በኩል የወፍጮ ቤት ሞተር ይንዶቀዶቃል። ይህ ሁሉ እንዳለ ደብዳቤው ኪሱ ውስጥ ነው፤ ለጥቂት ትንፋሽ ያህል ግን ክብደቱ ቀለለ።

«ምንጩን ስንሠራ» አለ ጉናፓላ፣ ቃል እየፈለገ፣ «ውሃ እኛ አልሠራንም። አይደለም? ጭቃ አነሳን። ቅጠል አነሳን። ድንጋይ ደረደርን። ውሃ ድሮም ነበር። ደስታም እንዲሁ ነው፤ አባቴ እንዲህ አስተማረኝ። ሰው ግን ጭቃው ላይ ቆሞ ውሃ ከሌላ አገር በቦቴ ይምጣልኝ ይላል።» በራሱ ንግግር ሳቀ። ከዚያም ፀጉሩን በእርጥብ እጁ አስተካከለ። «ዛሬ ሽማግሌዎች ስለ ቦኖው ሊያመሰግኑ ነው የጠሩን? እኔ ንግግር አላውቅም። አንተ ጥሩ አድርገህ ተናገርልኝ፣ እሺ?»

አንጁሎ እውነተኛውን ምክንያት አልነገረውም። ሽማግሌዎቹ ሊተዋወቁዎት ይፈልጋሉ ብሎ ነበር የነገረው። አሁን ይንገረው፣ አሁን! አፉን ከፈተ።

«ውሃው… በጣም ይቀዘቅዛል» አለ።

ቤተ ክርስቲያኑ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ጀርባ ነው። በደርግ ጊዜ ተወርሶ የቀበሌ መሰብሰቢያ ሆኖ ቆይቷል። ከተመለሰ አምስት ወሩ ነው። ግድግዳው ኖራ ቢቀባም ማጭድና መዶሻው ከሥር እየገፋ ይታያል፤ ሦስት ጊዜ ቀብተውታል፣ ሦስቴም ብቅ ብሏል። ከሱ ፊት ለፊት በአግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። በመሀል ያሉት ወንጌላዊ ኤርሳዶ ናቸው። በወጣትነታቸው ከሀዲያ አገር ወንጌል ይዘው መጥተው፣ አሪኛ ተምረው፣ እዚሁ ሸብተዋል። በእምነታቸው ምክንያት ሦስት ዓመት ታስረዋል፤ ግራ እጃቸው እስከዛሬ በደንብ አይዘረጋም። በቀኛቸው ጸሐፊው አቶ ባሮክ አሉ። በግራቸው ያሉት ሦስተኛው ሽማግሌ እጅግ ያረጁ ስለሆኑ ገና ከመጀመሩ ማንቀላፋት ይዘዋል።

ውጭ፣ በመስኮቱ ሥር፣ የመዘምራኑ ሴቶች ግቢ ይጠርጋሉ። አንዲቷን ቦታ ደጋግመው ነው የሚጠርጉት። አንጁሎ ምህረትን በሻሿ ለያት። ዓይኑን ሰበረ።

አቶ ባሮክ ብድግ ብለው ወረቀታቸውን ዘረጉ። የቀበሌ ጸሐፊ ሆነው ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል።

«ጓድ ሊቀመንበር—»

ከመስኮቱ ሥር ሳቅ ፈነዳ። ወንጌላዊ ኤርሳዶም ጢማቸውን እየነካኩ ፈገግታቸውን ደበቁ።

«ወንድም ሰብሳቢ ለማለት ነው» አሉ አቶ ባሮክ ፊታቸው ደም ለብሶ። «ምላስ ነው፣ ይለምዳል። ክሱን ላንብብ?»

አነበቡ። ወንድም አንጁሎ ከባዕድ አገር ሰው ጋር በመሆን በየማለዳው በጥንቱ የአምልኮ ዛፍ ሥር ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚቀመጥ፤ ይህም የተተወውን አምልኮ መልሶ ማምጣት እንደሆነ፤ ስምንት ምእመናን በዓይናቸው አይተው እንደመሰከሩ።

ጉናፓላ የጽሕፈት አማርኛ አይገባውም። እጆቹን አጣምሮ፣ ፈገግ ብሎ ይሰማል። አንገቱንም ይነቀንቃል። ሲያልቅ ጎንበስ ብሎ ወደ አንጁሎ «ቦኖ አለ? ቦኖ የሚል አልሰማሁም» አለ።

አንጁሎ መልስ ከመስጠቱ በፊት በሩ ላይ በግ ጮኸ።

የገቡት የእናቱ ወንድም፣ አዛውንቱ ቦሼ ናቸው። በአንድ እጃቸው በግ ይጎትታሉ፤ በትከሻቸው ማር የሞላ ቅል አንግተዋል። የአባቶቻቸውን ልማድ ካልተዉት ጥቂት ሰዎች አንዱ ናቸው። በወንጌላውያኑ ቤት እግራቸው ሲገባ የመጀመሪያው ነው።

«የእህቴ ልጅ ተከሰሰ ሲሉኝ ልመሰክር መጣሁ» አሉ በአሪኛ። «ምን አጠፋ? ይህ እንግዳ ጥሩ ሰው ነው። እናንተ ዛፋችንን ስትሸሹት እሱ ከባሕር ማዶ መጥቶ አከበረው። አባቴ የተቀመጠበት ቦታ ተቀመጠ። ይኸው በጉን አምጥቼለታለሁ። የእህቴንም ልጅ አመስግኑት፤ እናንተ ካበላሻችሁት በኋላ ተመልሶ ሰው ሆነ!»

አንጁሎ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስታው ነበር። አሪኛ የማያውቅ ሽማግሌ የለም። ሦስተኛው ሽማግሌ እንኳ ነቅተዋል።

«ክሱ ተረጋገጠ» አሉ አቶ ባሮክ፣ ብዕራቸውን እየከፈቱ። «ያውም በገዛ አጎቱ።»

«ቆይ» አሉ ወንጌላዊ ኤርሳዶ። ወደ አንጁሎ ዞረው በአሪኛ ቀጠሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚያስፈራው። «ልጄ፣ እኔ ያጠመቅኩህ ነኝ። በአንድ ነገር እንጨርሰው። ይህ ሰው አሳስቶኛል፣ አላወቅኩም ነበር፣ በለን። እንጸልይልሃለን፣ ጥር ሦስትም እድራችኋለሁ። እንግዳው እንደሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አገሩ ነው፤ ምንም አይጎዳም።»

ውጭ የመጥረጊያው ድምፅ ቆመ።

አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። አሳስቶኛል። ብትነገር እንኳ ለእንግዳው አትገባውም ይሆናል። አንጁሎ ጉናፓላን አየው፤ አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው፣ በጉን በአድናቆት ያያል።

የአንጁሎ ጉሮሮ እንደ ልማዱ ታሰረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከዚያ እስራት ጋር ሲታገል ይበልጥ ይጠብቅበት ነበር። አሁን አልታገለውም። ሰባት ሳምንት በየማለዳው እንዳደረገው ፍርሃቱን ፈልጎ አገኘው፤ ከእምብርቱ በላይ ነው፣ ቡጢ ያህላል፣ ይሞቃል። እዚያው ተወው። አየር ገባ፣ አየር ወጣ። ሌላም ገባ፣ ወጣ። አቶ ባሮክ «ታመመ እንዴ?» ሲሉ ሰማ። በጉ የግድግዳውን ኖራ ሲልስም ሰማ። ከዚያ ቡጢው ሳይጠፋ አፉ ተከፈተ።

«አላሳሳተኝም» አለ። «ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«ዛፉ የምን ዛፍ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ እሱ አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን ልነግረው ይገባኝ ነበር። አፈርኩ። እንግዳን ከተቀመጠበት ማስነሳት ነውር መሰለኝ። በማግስቱም አፈርኩ። ዛሬ ጠዋት ኔሪ ላይ እንኳ ልነግረው ብዬ ውሃው ይቀዘቅዛል አልኩት። ስለ ቦኖው ልታመሰግኑት የጠራችሁት እየመሰለው ነው ፀጉሩን አበጥሮ የመጣው። አጎቴም በጉን ያመጡት እኔ ዝም ስላልኩ ነው። ጥፋት ካለ ይኼ ነው።»

ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሲናገር ማንም ሰምቶት አያውቅም። እሱ ራሱም ቢሆን።

«ዓይንህን ጨፍነህ የምታደርገውስ?» አሉ ወንጌላዊ ኤርሳዶ።

«ትንፋሼን አዳምጣለሁ፣ ጋሼ። ሌላ ምንም። ልቤ ሲሄድ እመልሰዋለሁ። ሲረጋጋ… ስንት ዓመት ስጸልይ ስጠኝ፣ ስጠኝ ብቻ ነበር የምለው። አሁን የተሰጠኝን ማየት ጀመርኩ። ስለዚህ ጸሎቴ ምስጋና በዛበት። ለዛፉ ያልኩት ነገር የለም።»

ከዚያ ወደ ጉናፓላ ዞሮ፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም በእጁም እየቀላቀለ ሁሉንም ነገረው፤ የዛፉን ታሪክ፣ የደሙን፣ የክሱን፣ የበጉን። ፈገግታው ከእንግዳው ፊት ቀስ በቀስ ወረደ። ጉናፓላ ተነሳ። ኮንጎውን አወለቀ። በሽማግሌዎቹ ፊት እጆቹን ገጥሞ አጎነበሰ፤ ዞሮም ለቦሼ እንዲሁ አጎነበሰ።

«አላወቅኩም» አለ። «የሰው ቤት ሳልጠይቅ ገባሁ። የእናንተን ቁስል ነካሁ። የእሱንም የአባት ቦታ ነካሁ። ይቅርታ። ዛፍ አያስፈልገኝም። ቆርቆሮ ቤት ውስጥም ይቻላል።»

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ አቶ ባሮክ። «ይህ ልጅ ምስጋና ይላል። እርስዎስ ማንን ነው የሚያመሰግኑት?»

ጉናፓላ አሰበ። «መጀመሪያ እናቴን። ከዚያ ዛሬ ምግብ ያበሰለችልኝን ሴት። ድንጋይ የተሸከሙትን። ምንጩን ድሮ ያገኘውን ሰው፤ ስሙን አላውቅም። ከዚያ የሚያስቸግረኝን ሰው። እሱ ይከብዳል። አንተ እግዚአብሔርን ታመሰግናለህ፣ አውቃለሁ። የእኔ አባቶች እንዲህ አላስተማሩኝም። አልዋሽም።»

አቶ ባሮክ «አንተ» በመባላቸው ቅር ቢላቸውም መልሱን ጻፉ። ወንጌላዊ ኤርሳዶ ደግሞ የማይዘረጋ እጃቸውን በደህናው እጃቸው ይዘው አሻሹት።

«እስር ቤት ሳለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ «ጣሪያው ያፈስ ነበር። መጽሐፍ ቅዱሴን ወስደውብኛል፣ መዝሙር ክልክል ነው። ጠብታውን እሰማ ነበር። ጠብ ሲል ተመስገን፣ ጠብ ሲል ተመስገን። አብረውኝ የታሰሩት አብዷል አሉኝ። እኔ ግን ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ይህን እስከዛሬ ለማንም አልነገርኩም፣ አፍሬ። ይህ ሰው እምነቱ ሌላ ነው፤ እሱን ከእኔ ጋር አንድ ነው አልልም። ጸጥ ብሎ መቀመጥን ግን በኃጢአት አልጽፈውም።»

«እንዴት ልመዝግበው ታዲያ?» አሉ አቶ ባሮክ።

«እንዲህ ብለህ መዝግብ። ወንድም አንጁሎ በጣዖት ሳይሆን በዝምታው ጥፋተኛ ነው። ቅጣቱም፣ የላይኛው መንደር አሥራ ሰባት ቤት ነው፤ በየቤቱ ራሱ ገብቶ፣ ሰው ሳይልክ፣ እዚህ የተናገረውን ይናገር። ከዛፉ ሥር አይቀመጥ፤ ደካሞችን ያሰናክላል። አሥራ ሰባቱን ቤት ከጨረሰ ጥር ሦስት እድረዋለሁ።»

አንጁሎ ቤቶቹን በልቡ ቆጠረ። አሥራ ሰባት ቤት! መታገዱ ሳይቀለው አይቀርም። ሆኖም ጎንበስ ብሎ የወንጌላዊውን ያልተዘረጋ እጅ ሳመ፤ ሲስመው ዓይኑ እንባ ሞላ።

አዛውንቱ ቦሼ የተባለውን ሁሉ በጥሞና ሰምተው ነበር። «ታዲያ በጉን ምን ላድርገው?» አሉ ግራ ተጋብተው።

«ለሠርጉ ይሁን» አሉ ሦስተኛው ሽማግሌ። ቀኑን ሙሉ የተናገሩት ይህንኑ ብቻ ነው፤ ሁሉም ሳቀ፤ ቦሼም ጭምር።

ሲወጡ ምህረት መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆማለች። ጉናፓላ አንዴ እሷን፣ አንዴ አንጁሎን አየና ማር ሊቀምስ ከቦሼ ጋር ወደ ጥላው ዘወር አለ።

«ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ስትል ሞተሃል ብዬ ነበር» አለች። «ምን ስታደርግ ነው?»

«ስተነፍስ።»

«አሥራ ሰባት ቤት ደጅ ላይ እንደዚያ ስትተነፍስ ጥር ሦስት አይደለም፣ ፋሲካም ያልፍብሃል። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አብሬህ እሄዳለሁ። ዝም ካልክ ከኋላህ እቆነጥጥሃለሁ።»

«ምህረት።»

«ምን?»

አፉ ሊታሰር ሲል አየው፤ አየር ገባ፣ አየር ወጣ። «ባለፈው ክረምት ወባ ይዞኝ የተኛሁ ጊዜ፣ በየጠዋቱ ደጄ ላይ በኮባ የተጠቀለለ የተቀቀለ ጎደሬ አገኝ ነበር። እህቴ ናት ብዬ በላሁት። እሷንም ሌላውንም አላመሰገንኩም። በቀደም ዝም ብዬ ስቀመጥ፣ ሳላስበው፣ ቋጠሮው ትዝ አለኝ። ወደ ግራ ነበር የተቋጠረው። በዚህ አገር በግራ እጇ የምታስር አንቺ ብቻ ነሽ። አመሰግናለሁ። አራቱንም ቀን።»

ተናግራ የማታቆመዋ ምህረት ወደ መጥረጊያዋ አቀረቀረች። ከመጥረጊያው ላይ አንድ ጭራሮ መዘዘች፣ ሰበረችው፣ ጣለችው።

«አምስት ቀን ነው» አለች በመጨረሻ። «አንዱን ውሻ በልቶብሃል።»

አንጁሎ ለአምስተኛውም አመሰገናት።